ክሊፕቦርድ ሂስትሪ፦ ለኮፒ ቤት፣ ለቢሮ እና ለግል ላፕቶፕ የቱ ይሻላል?

ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ኮፒ ያረጋችሁት ነገር ክሊፕቦርድ የሚባል ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ድሮ ቦታው የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ሌላ ኮፒ ስታረጉ የበፊቱ ወዲያው ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ዊንዶውሱም፣ ወርዱም፣ ከኔት የሚወርዱት ፕሮግራሞችም፣ የስልኩ ኪቦርድም የየራሳቸውን ሂስትሪ (በፊት ኮፒ የተደረጉትን ነገሮች ዝርዝር) ይይዛሉ፣ አንዱ ሲዘጋ ይረሳል፣ አንዱ ለወራት ያስቀምጣል፣ አንዱ ደሞ ከፈቀዳችሁለት ወደ ሌላ ማሽን ይልከዋል፣ የሁሉም ስም ክሊፕቦርድ ስለሆነ ግን ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። አይደሉም፣ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ደሞ ጉዳዩ ከፍ የሚለው ኮምፒውተር የአንድ ሰው ስላልሆነ ነው። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉትን፣ ባህር ዳር ፔዳ ግቢ በር ላይ አሳይመንት ፕሪንት የሚያረጉትን፣ ፍኖተ ሰላም ወይ ሞጣ ውስጥ ውል የሚተይቡትን ኮፒ ቤቶች አስቧቸው፣ አንድ ማሽን ላይ ጠዋት የፍቺ ማመልከቻ ይጻፋል፣ ረፋዱ ላይ የጤፍ ሽያጭ ውል፣ ከሰአት የተመራቂ ልጅ ሲቪ፣ ማታ የእድር ደብዳቤ። ከተማው ደሞ ትንሽ ነው፣ የፍቺዋ ባለጉዳይ እና ሲቪ ሊያጽፍ የመጣው ልጅ አክስትና የወንድም ልጅ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ልጁ "እስቲ ቆይ እኔ ራሴ ላስተካክለው" ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲልና ሂስትሪውን የሚያወጡትን ዊንዶውስ እና ቪ የሚባሉ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን የጠዋቱ ማመልከቻ አንድ አንቀጽ ፊቱ ላይ ይመጣል። ማንም ሃክ አላረገም፣ ማንም ፓስወርድ አልሰበረም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድረው የትኛው ያምራል ወይ የትኛው ብዙ ይይዛል በሚለው አይደለም፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማነው በሚለው ነው።

መጀመሪያ በምን እንለካቸው

አንደኛውና ትልቁ መስፈርት ኮፒ የተደረገው ነገር መቼ ይጠፋል የሚለው ነው። ሪስታርት ሲደረግ የሚጠፋ አለ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሆኖ የሚቀመጥ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ማግኘት ያበሳጫል፣ በተለይ ያልተጨረሰ ስራ ላይ ሆናችሁ፣ ግን ለደንበኛ ሚስጥር ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም። ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ግን ኮምፒውተሩ ለጥገና ሲወሰድም፣ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ሲሸጥም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ የት ይሄዳል? እዛው ማሽኑ ላይ ይቀራል ወይስ በአካውንት በኩል ወደ ሌላ ኮምፒውተርና ስልክ ይተላለፋል።

ሶስተኛ ሚስጥር የሆነውን ነገር መዝለል ይችላል ወይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው በደንብ አይረዳውም። እንደ ኪፓስ አይነት የፓስወርድ መያዣ ፕሮግራሞች ፓስወርድ ኮፒ ሲያረጉ "ይሄን ሂስትሪ ውስጥ አታስገባ" የሚል ምልክት አብረው ይልካሉ፣ ዊንዶውስም ምልክቱን አይቶ ይተወዋል። ጥሩ ነው። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ፣ እኛ ጋ ስንት ሰው ነው ኪፓስ የሚጠቀመው? አብዛኛው ፓስወርዱን ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ወይ ኖትፓድ ላይ ጽፎ ከዛ ነው ኮፒ የሚያረገው። ከቴሌግራም ኮፒ የተደረገ ፓስወርድ ምንም ምልክት የለውም፣ ለኮምፒውተሩ እንደማንኛውም ጽሁፍ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ እኛ ጋ ባሉት ማሽኖች ላይ ይሰራል ወይ፣ ማለትም ዊንዶውስ 7 ላይ፣ ኔት በሌለበት፣ በፓወር ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ) በተጻፈ ጽሁፍ።

አምስተኛ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ስህተት የመሳብ እድሉ። የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 ዲጂት ሆኖ በ1000 ነው የሚጀምረው፣ የሶስት ደንበኛ ሂሳብ ቁጥር ሂስትሪ ውስጥ ተደርድሮ ስታዩት ሶስቱም ሲያዩት አንድ አይነት ነው። የአንዱን ለሌላው ፔስት አርጎ ውል ላይ ማተም የአንድ ክሊክ ስህተት ነው። የፋይዳው 12 ዲጂትም እንደዛው።

ዋጋን እንደ መስፈርት አላስገባሁትም፣ ሁሉም ወይ ነጻ ናቸው ወይ ቀድሞ ከገዛችሁት (ወይ ከተጫነላችሁ፣ እንግዲህ እንተዋወቃለን) ዊንዶውስና ኦፊስ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ወጪው የማውረጃው ዳታ ብቻ ነው።

ምንም ሂስትሪ አለመጠቀም

ይሄም አንድ ምርጫ ነው፣ ሰው እንደ ምርጫ ባይቆጥረውም። ዊንዶውስ ላይ ሂስትሪው ካልተከፈተ በስተቀር ክሊፕቦርዱ እንደ ድሮው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። ግን ያቺ አንዷም አለች አይደል፣ የመጨረሻው ደንበኛ ኮፒ ያረገው ነገር ቀጣዩ ኮንትሮል ቪ ሲጫን ይወጣል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሰው ሲነሳ አንድ የማይረባ ቃል ኮፒ ማረግ፣ አለቀ። ፓስወርድና የባንክ ቁጥር ለሚነካካ የጋራ ማሽን ይሄ በቂ ነው ባይ ነኝ፣ ግን በቀን መቶ ጊዜ "ለምስራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት" ብላ የምትጽፍ ልጅ ትሰማኛለች ብዬ አልጠብቅም።

የወርድ የራሱ ክሊፕቦርድ

ብዙ ሰው ወርድ ውስጥ መኖሩን አያውቅም። ሆም የሚለው ላይ ፔስት ያለበት ሳጥን ታች ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፣ እሷን ስትጫኑ በግራ በኩል ዝርዝር ይከፈታል፣ እስከ 24 ነገር ይይዛል፣ 25ኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይወጣል። ጽሁፍም ፎቶም ይይዛል፣ ከኤክሴል ወደ ወርድም ይሻገራል።

ጥሩ ጎኑ ሁለት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ይሰራል፣ ይሄ እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው በ2020 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ብዙ ኮፒ ቤት ውስጥ አሁንም እሱ ነው ያለው። ሁለተኛው ኦፊስ ፕሮግራሞቹን በሙሉ ስትዘጉ ዝርዝሩ አብሮ ይጠፋል፣ "ክሊር ኦል" የሚልም አለው። መጥፎ ጎኑ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ነው የሚውለው፣ ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ "እዚች ጋ 'ተከሳሽ' በይ" እያለ ሲያስጽፍ የቀደመውን ደንበኛ ጽሁፍ በግራ በኩል እያነበበ ነው። በየደንበኛው መሃል ክሊር ኦል ካልተጫነ ከዊንዶውሱ የባሰ ነው።

የዊንዶውስ ሂስትሪ (ዊንዶውስ + ቪ)

ዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ የመጣ ነው፣ ዊንዶውስ 11 ላይም አለ። መጀመሪያ ላይ ዝግ ነው፣ ዊንዶውስና ቪ ስትጫኑ "ተርን ኦን" ይላችኋል፣ ከዛ በኋላ እስከ 25 ነገር ይይዛል። አንዱ ነገር ከ4 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ጽሁፍና ፎቶ ይይዛል፣ ከፍላሽ ላይ ኮፒ ያረጋችሁትን ፋይል ግን አይይዝም። ልብ በሉ፣ ስክሪንሾት ይገባል፣ ዊንዶውስ ሺፍት ኤስ ብላችሁ የቆረጣችሁት የቴሌብር ደረሰኝ ወይ የደንበኛ መታወቂያ ዝርዝሩ ላይ በፎቶ ይታያል።

ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ይጠፋል፣ ፒን ከተደረገው በስተቀር። ፒን ማለት አጠገቡ ያለችውን መርፌ መጫን ነው። ይሄ ፒን የሚባለው ነገር ጥቅሙም ጉዳቱም እዛው ላይ ነው። የፍርድ ቤት አድራሻ፣ "ጉዳዩ፦ የስራ ማመልከቻ ስለማቅረብ" የሚል መስመር፣ የኮፒ ቤቱ ስልክ፣ እነዚህን ፒን አርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ብትጠቀሙ ማንም አይጎዳም፣ ስራም ያፋጥናል። ግን አንድ ደንበኛ "ነገ እመለሳለሁ አስቀምጭልኝ እቴ" ሲል ማመልከቻውን ፒን ማረግ ይመጣል፣ ነገ ሳይመለስ ይቀራል፣ ፒኑ ግን ሪስታርት ቢደረግም መብራት ቢጠፋም እዛው ነው። ዝርዝሩን ክሊር ኦል ብትሉም ፒን የተደረገው አይጠፋም፣ መጀመሪያ መርፌዋ መነቀል አለባት።

ሌላው ሂስትሪው የሚያያዘው ከተገባበት የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር ነው። ሁለት ሰራተኛ ሁለት የተለያየ ተጠቃሚ ከፍተው ቢሰሩ የአንዷ ዝርዝር ለሌላዋ አይታይም። ኮፒ ቤቶች ግን አብዛኛው በአንድ "አድሚን" ነው የሚሰሩት ፓስወርድም የለውም፣ ስለዚህ ይሄ ጥበቃ በተግባር የለም።

የፓወር ግዕዝን ነገር እዚህ ላይ ልጨርሰው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው እንደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሲወጣ ፎንቱ ስለሌለ ዝብርቅርቅ ብሎ ይታያል፣ ወርድ ላይ ፔስት ስታረጉት ግን ይስተካከላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ስለሚከብድ የስህተቱ እድል ይጨምራል፣ ሁለተኛ ደሞ "አይነበብም እኮ ምን ችግር አለው" የሚል ሰው አለ፣ ወርድ ላይ ፔስት ያረገው ሰው ግን አጥርቶ ያነበዋል። በዩኒኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ችግር የለም።

ዊንዶውስ + ቪ ከሲንክ ጋር

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ክሊፕቦርድ ውስጥ ስትገቡ ከሂስትሪው ስር ሌላ ማብሪያ አለ፣ በመሳሪያዎቻችሁ መሃል የሚያጋራ። ለዚህ በማይክሮሶፍት ወይም በመስሪያ ቤት አካውንት መግባት ያስፈልጋል። ከተከፈተ በኋላ ኮፒ የምታረጉት ጽሁፍ በማይክሮሶፍት ሰርቨር በኩል ወደ ሌላው ኮምፒውተራችሁ ይደርሳል፣ ስልክ ላይ ስዊፍትኪ ኪቦርድን በዛው አካውንት ካገናኛችሁ ስልኩም ላይ። ሁሉንም በራሱ ይላክ ወይስ እናንተ የመረጣችሁትን ብቻ የሚል ሁለት ምርጫ አለው፣ ሁለተኛው ይሻላል።

የራሱ ቢሮ ኮምፒውተርና የራሱ ላፕቶፕ ላለው ሰው ጠቃሚ ነው። ለኮፒ ቤት ግን በፍጹም። አስቡት፣ ባለቤቱ የራሱን ኢሜይል ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ሲንክ ከከፈተ ሰራተኛዋ የምትተይበው የደንበኛ ነገር ቤቱ ያለው ላፕቶፕ ላይ ልጆቹ ጌም በሚጫወቱበት ሰአት እየገባ ነው። ደሞ እኛ ጋ ኔቱ በሚጠፋበት ጊዜ ሲንኩ ጥቅም አይሰጥም፣ ስጋቱን ተሸክማችሁ ጥቅሙን አታገኙም።

ዲቶ

ለዊንዶውስ የተሰራ ነጻና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፣ ቆየት ያለም ነው። ይሄ ጎተራ ነው፣ የገባው ቶሎ አይወጣም። ኮፒ ያረጋችሁትን ሁሉ ዲቶ.ዲቢ የሚባል ዳታቤዝ ፋይል ውስጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሪስታርት አያጠፋውም፣ መብራት መሄድ አያጠፋውም፣ ፍለጋ አለው፣ ባለፈው ሳምንት ኮፒ ያረጋችሁትን አንቀጽ አንድ ቃል ጽፋችሁ ታገኙታላችሁ (በድሮው ፓወር ግዕዝ ከሆነ ግን ፍለጋው አያገኝላችሁም)። ስንት ነገር ይያዝ፣ ከስንት ቀን በኋላ ይጥፋ የሚለውን መወሰን ይቻላል። ከተወሰኑ ፕሮግራሞች የሚመጣውን አትያዝ ማለትም ይቻላል፣ ለጊዜው ከክሊፕቦርዱ ማላቀቅም አለው።

መመረቂያ ጽሁፍ ለሚሰራ ተማሪ፣ ትርጉም ለሚሰራ፣ ቃለ ጉባኤ ለሚያጠናቅር ሰው እኔ ሳልጠራጠር የምመርጠው ይሄን ነው። ችግሩ ፋይሉ ቁልፍ የለውም። ማሽናችሁ ላይ በናንተ ስም የገባ ሰው ያችን አንድ ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በዲቶ ቢከፍታት የወራት ኮፒያችሁን በሙሉ ያነባል። ላፕቶፑ ለጥገና ሲሄድ፣ ሲሰረቅ፣ "አንድ ቀን አውሰኝ" ሲባል፣ ፋይሉ አብሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዲቶ የሚጠቀም ሰው ሁለት ነገር ያርግ፣ የማብቂያ ቀኑን አጭር ያርገው፣ እና ዊንዶውሱ ፓስወርድ ይኑረው።

ኮፒ ቤት ውስጥ ዲቶ ጭኖ ማየት እኔን ያስደነግጠኛል። የአንድ ከተማ የፍቺ፣ የውርስና የመሬት ክርክር አንድ ፋይል ውስጥ ማለት ነው፣ ማንም ሆን ብሎ ሳይሰበስበው።

ኮፒኪው

ይሄም ነጻና ኮዱ ክፍት ነው፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ይሰራል። እንደ ዲቶ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ግን ዝርዝሩን በታብ በታብ መከፋፈል ይቻላል፣ አንዱ ታብ የቢሮ አንዱ የግል ማለት ነው፣ መቆለፍም የሚቻልበት መንገድ አለው። በርዕሱ የተወሰነን መስኮት ዝለል ማለትም ይቻላል። ግን ማስተካከያው ብዙ ነው፣ ኮምፒውተር መነካካት የሚወድ ሰው ይደሰትበታል ሌላው ሰው ይጠፋበታል። ቁልፉን ሳያስተካክሉ ዝም ብሎ መጠቀም ደሞ ከዲቶ ምንም አይለይም።

ሊኑክስ ላይ ኬዲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ክሊፐር የሚባል አብሮት የመጣ አለው፣ ማክ ያለው ደሞ ማኪ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይመልከት። ማክ እኛ ጋ ብዙም ስለሌለ እዚህ ላይ ልለፈው።

ስልኩስ?

ኮምፒውተር ብዬ ጀምሬ ስልክ ውስጥ የገባሁት ሰው ግማሹን ስራ በስልክ ስለሚሰራ ነው። ጂቦርድ (የጎግል የስልክ ኪቦርድ) ላይ ክሊፕቦርዱን ከከፈታችሁት ኮፒ የተደረገው ነገር ለ1 ሰአት ያህል ይቆይና ይጠፋል፣ ፒን ካልተደረገ። ይሄ በጣም ጤናማ አሰራር ነው፣ የኮምፒውተሮቹም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድሮይድ ራሱም ከ10 ጀምሮ ከጀርባ ያሉ አፖች ክሊፕቦርድ እንዳያነቡ ይከለክላል፣ ከ12 ጀምሮ አንድ አፕ ሲያነብ ታች ላይ ይነግራችኋል። አይፎን በ2020 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማሳወቂያ ሲጀምር ነው ቲክቶክ የሰውን ክሊፕቦርድ ቶሎ ቶሎ ሲያነብ የታየው፣ ኩባንያው ስፓም ለመከላከል ነው ብሎ በኋላ አነሳው።

ዊንዶውስ ላይ ግን እንዲህ አይነት ማሳወቂያ የለም። በናንተ ስም እየሰራ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ክሊፕቦርዱን ሳይጠይቅ ማንበብ ይችላል። ለዚህ ነው ዲቶም ሆነ ኮፒኪው ከዋናው ገጻቸው ብቻ ይውረዱ የምለው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር "ክራክ የተደረገ ክሊፕቦርድ ማናጀር" ካያችሁ የነጻን ነገር ለምን ክራክ እንደሚያረጉት ራሳችሁን ጠይቁ። ኮፒ ያረጋችሁትን የክሪፕቶ አድራሻ በሌባው አድራሻ ቀይሮ ፔስት የሚያረግ ቫይረስም አለ፣ የሚሰራው በዚሁ ክሊፕቦርድ ላይ ነው።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ምርጫ | ስንት ይይዛል | መቼ ይጠፋል | ከማሽኑ ይወጣል? | ዊንዶውስ 7 | ለጋራ ማሽን |
|---|---|---|---|---|---|
| ያለ ሂስትሪ | 1 | ሌላ ኮፒ ሲደረግ | አይወጣም | ይሰራል | በጣም ጥሩ |
| የወርድ ክሊፕቦርድ | 24 | ኦፊስ ሲዘጋ | አይወጣም | ይሰራል | በየደንበኛው ከጸዳ ይሆናል |
| ዊንዶውስ + ቪ | 25 | ሪስታርት ሲደረግ፣ ፒኑ ይቀራል | አይወጣም | የለም | በጥንቃቄ |
| ዊንዶውስ + ቪ ከሲንክ ጋር | 25 | ሪስታርት ሲደረግ፣ ፒኑ ይቀራል | ይወጣል | የለም | አይሆንም |
| ዲቶ | እናንተ እንደወሰናችሁት | እናንተ እንደወሰናችሁት | ካላገናኛችሁት አይወጣም | አዲሱን ቨርዥን ከመጫን በፊት ይታይ | አይሆንም |
| ኮፒኪው | እናንተ እንደወሰናችሁት | እናንተ እንደወሰናችሁት | አይወጣም | አዲሱን ቨርዥን ከመጫን በፊት ይታይ | አይሆንም |
| ጂቦርድ | የቅርቡን | በ1 ሰአት ገደማ፣ ፒኑ ይቀራል | አይወጣም | ስልክ ነው | የግል ስልክ ከሆነ ጥሩ |

እንግዲህ ለማን የቱ

*ኮፒ ቤት ላላችሁ።* ዊንዶውስ 10 ወይ 11 ከሆነ ዊንዶውስ + ቪ ይበቃል፣ ሲንኩ ዝግ ሆኖ፣ ፒን የሚደረገው የማንም ያልሆነ ጽሁፍ ብቻ ሆኖ። አድራሻና ርዕስ አዎ፣ የሰው ስም ያለበት ነገር አይሆንም። ደንበኛ ራሱ የሚቀመጥበት ማሽን ካላችሁ ደሞ እሱ ላይ ሂስትሪውን ጭራሽ ዝጉት፣ ደንበኛ የሚተይብበትና ሰራተኛ የምትተይብበት አንድ ማሽን መሆኑ ነው ትልቁ ችግር። አንድ ብቻ ከሆነ ያላችሁ ሌላ የዊንዶውስ ተጠቃሚ መክፈት ምንም ወጪ የለውም፣ ለደንበኛው ያኛውን ክፈቱለት።

ሳልሸሽግ ልናገር ግን፣ ኮፒ ቤት ውስጥ ከክሊፕቦርዱ የባሰ የሚያፈሰው ቴሌግራም ነው። ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፣ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አያጠፋውም። ክሊፕቦርዱን አጽድታችሁ ያንን ፎልደር ከተዋችሁት ግማሽ ስራ ነው።

*ለወረዳና ለዞን ቢሮ ጸሃፊዎች፣ ለሰው ሃብት ክፍል።* የየራሳችሁ የዊንዶውስ ተጠቃሚና ፓስወርድ ካላችሁ ዊንዶውስ + ቪ አሪፍ ነው፣ ከወንበር ስትነሱ ዊንዶውስ ኤል ብላችሁ ቆልፉ። እዚህ ላይ የህግ ነገርም አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት አላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ይላል። የሰራተኛ ደሞዝና የህክምና ፈቃድ ያለበት የዲቶ ፋይል ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለአመት መቀመጡን በዚህ አይን እዩት።

*ለሂሳብ ሰራተኞች።* ሂስትሪ ተጠቀሙ፣ የሂሳብ ቁጥርን ግን ከሂስትሪ ዝርዝር አትሳቡ። በየጊዜው ከዋናው ሰነድ እንደ አዲስ ኮፒ አርጉት፣ ከዛ የመጨረሻዎቹን አራት ዲጂቶች በአይን አመሳክሩ፣ የመጀመሪያዎቹማ ሁሌም አንድ ናቸው።

*ለተማሪ።* የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ዲቶ፣ ከላይ ባልኩት ሁለት ማስተካከያ። የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ምንም። አንዳንድ ላቦች ዲፕ ፍሪዝ ስለተጫነባቸው ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፣ ግን ሁሉም ማሽን ላይ ስለመኖሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልምና ስትወጡ ራሳችሁ ሪስታርት አርጉት።

*ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ።* ወርድ የራሱን 24 ይስጣችሁ፣ ሌላ ነገር አትጫኑበት። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 መሸጋገሩን አስቡበት።

ዛሬውኑ የሚደረግ

ዊንዶውስና ቪ ተጫኑ፣ ወደ ታች ውረዱና መርፌ ያለባቸውን አንድ በአንድ እዩ፣ የሰው ስም ያለበትን ንቀሉ፣ ከዛ ክሊር ኦል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ክሊፕቦርድ ገብታችሁ የሲንኩን ማብሪያ ተመልከቱ፣ ክፍት ከሆነና ማን እንደከፈተው ካላወቃችሁ ዝጉት፣ በማን ኢሜይል እንደተገባም እዩ። ሰአቱ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ውስጥ ዲቶ ወይ ኮፒኪው መኖሩን ፈትሹ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያረገላችሁ ልጅ "ይጠቅማችኋል" ብሎ ጭኖት ሊሆን ይችላል።

አንድ የቀረኝ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወይ ከባህር ዳር ሆኖ በኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያሰራ ፕሮግራም) ሲገባላችሁ ክሊፕቦርዱም በሁለቱ ኮምፒውተሮች መሃል ይጋራል፣ እናንተ ጋ ኮፒ የተደረገው እሱ ጋ ፔስት ይሆናል። መጀመሪያ ፈቃድ ስትሰጡ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ክሊፕቦርድ የሚለውን ማጥፋት ይቻላል፣ ለጥገናው ካላስፈለገ አጥፉት፣ ካስፈለገ ደሞ እሱ እስኪወጣ ድረስ ፓስወርድም ሂሳብ ቁጥርም ኮፒ አታርጉ።